እናቴ «ጅብ በላኝ» ስትለኝ «አሚን» አልኳት

ዛሬ ጠዋት እናቴ «ልጄ፣ ማታ ጅብ በላኝ» አለችኝ።

እኔ ምን አልኳት? «አሚን እማ! አላህ ይጨምርልሽ!»

አትሳቁ አቦ! ገና ነው። ሳቁን ለኋላ አስቀምጡት፣ ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ፔጅ ላይ አዲስ ለሆናችሁ፣ ሰይድ እባላለሁ። ከሚሴ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ እዚህ መጥቼ ስለ አፕ፣ ስለ ቦት፣ ስለ ኤአይ አስተምራችኋለሁ። አስተምራችኋለሁ ስል... እሺ፣ ፖስቶቹን የሚጽፍልኝ ኤአይ ነው። ይቺን ግን በገዛ አውራ ጣቴ ነው የምጽፋት። ፊደል ብስት እለፉኝ፣ ለዛሬ የተሳቀብኝ ይበቃኛል።

እናቴ የምትኖረው ጨፋ ሮቢት ነው። ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ከጎናችሁ ከተቀመጠው ሰው ጋር በደንብ ሳትተዋወቁ ትደርሳላችሁ። እና መቼ መቼ እሄዳለሁ? ለዒድ!

አዎ። ለዒድ ብቻ።

በምትኩ ምን አደረግኩ? ስማርት ስልክ ገዛሁላት! ማንበብ ስለማትችል ማይኳን ተጭና ቮይስ መላክ አስተማርኳት። የጎበዝ ልጅ ሥራ አይደል? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

እማ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዳ እንዳበቃች ዱዓ ትልክልኛለች። «ኢልማ ኮ» ብላ ትጀምራለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለች ትመርቀኛለች። «ክፉ አይይህ። እጅህ የነካው ይባረክ። ከሰው ዓይን ይሰውርህ።»

መቼም የኛን አገር ታውቃላችሁ፣ ዱዓ ከተደረገ አሚን ይባላል። እማ ዘንድ ደግሞ አሚን ካልተባለ ዱዓው አላለቀም። ዱዓው ካላለቀ ሻይ አይጠጣም። ቁጭ ብላ ትጠብቃለች!

እኔ በዚያ ሰዓት? እንቅልፍ ላይ ነኝ። አላህ አፉ ይበለኝ።

እሷ ስልክ አትደውልም። «ሥራ አስፈታዋለሁ» ትላለች። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ደወለችና «ኧረ ሰይዶ፣ እናትህ እስካሁን እህል አልቀመሰችም! አሚን በላት እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ።

እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሠራው። የሠራ የመሰለኝ ማለቴ ነው።

ቦት ሠራሁ!

የራሴን ድምፅ ቀዳሁ። የእማ ቮይስ ሲገባ ቦቱ እንዳይነቃበት ትንሽ ቆየት ብሎ «አሚን እማ! አላህ ይጨምርልሽ!» ይላታል። እውነት እንዲመስል ደግሞ መሃሉ ላይ ሳል ጨመርኩበት። ኡህ ኡህ! ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ሳል። በዚያች ሳል እንዴት እንደኮራሁ!

ቪዲዮውን አስታወሳችሁት? «እንቅልፋችሁን ሳታቋርጡ ቤተሰብ ማስደሰት» ብዬ የለቀቅኩት? ላይክ ያዘነባችሁበት?

እሱን እርሱት። የሠራችሁትም ካላችሁ አጥፉት። ወላሂ የምሬን ነው።

እኔ ግን ጠዋት ጠዋት መተኛት ቻልኩ። ከነቃሁ በኋላስ ምን እሠራለሁ? ስክሮል! አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የማላውቀው ሰው እናቱን ሲያቅፍ የሚያሳይ ቪዲዮ አያለሁ። ሆዴ ይባባል። ላይክ አደርጋለሁ። የራሴ እናት ቮይስ እዚያው ስልክ ውስጥ ሳይከፈት ተቀምጧል።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር።

ሳሏ!

እማ በየጠዋቱ ያቺኑ ሳል ትሰማለች። ዛሬም ኡህ ኡህ። ነገም ኡህ ኡህ። ቀኑ ሄደ፣ ሳሉ አልሄደም። ታዲያ እናት ምን ትላለች? ልጄን ደረቱን አሞታል ትላለቻ!

«ኢልማ ኮ፣ ሳሉ አልለቀቀህም ወይ?» ብላ ትልካለች።

«አሚን እማ! ኡህ ኡህ! አላህ ይጨምርልሽ!»

«ሐኪም ቤት ሄደሃል ወይ?»

«አሚን እማ! ኡህ ኡህ! አላህ ይጨምርልሽ!»

እስቲ በሷ ቦታ ሁኑና አስቡት። ልጃችሁ ያስላል፣ የጠየቃችሁትን አይመልስም፣ ምንም ብትሉት አሚን ነው። እማ ምን ብላ ደመደመች መሰላችሁ? ጂን ያዘው!

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻ ፈተና አቀረበችልኝ። ጅብ በላኝ አለች። መልሱን ታውቁታላችሁ።

እኔ ይሄ ሁሉ ሲሆን የማውቀው ነገር የለም። ረፋዱ ላይ ሱቄ ውስጥ ሳምቡሳዬን እየገመጥኩ የጋሽ ታደሰን የተሰነጠቀ ስክሪን እቀይራለሁ። ጋሽ ታደሰ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

ሚኒባስ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። እትዬ ከድጃ ወረዱ። የእማ ሰፈር ዱበርቲዎች አለቃ ናቸው፣ ዱዓ የሚያደርጉት የትልልቅ እናቶች አለቃ ማለቴ ነው። ከኋላቸው ሌላ ዱበርቲ ወረዱ። ሌላ። ደግሞ ሌላ። ሚኒባሱ የጫነው ዱበርቲ ብቻ ነው እንዴ!

መጨረሻ ላይ እማ ወረደች። ፌስታል ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰይዶ! ኢልማ ኮ!»

አፌ ሳምቡሳ ሞልቶ ስለነበር መመለስ አልቻልኩም።

«አፉ ተይዟል!» አሉ እትዬ ከድጃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው የሆነው። ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አንዷ እጄን፣ አንዷ ትከሻዬን ያዙ። እትዬ ከድጃ መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ ጭነው ቁርኣን ይቀራሉ፣ በየመሃሉ እንትፍ እንትፍ ይሉብኛል። መናኸሪያው በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ! የባጃጅ ሾፌሮቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ግማሾቹን እኔ ነኝ የጠገንኩላቸው!

«ማን ነህ? ተናገር!» አሉኝ እትዬ ከድጃ።

«ኧረ እኔ ነኝ! ሰይድ ነኝ!»

«ስሙንም ቀምቶታል!» አሉ።

ለማስረዳት ስሞክር ጭራሽ አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። እማ ጎናቸው ቆማ እንባዋ እየወረደ ዱዓውን በስልኳ ትቀዳለች። ኋላ ደጋግሞ ይስማው ብላ ነው። ጨረሰችና ላከችልኝ።

እዚህ ላይ ገባኝ። ያ ረብ! ቦቱ!

አፌ ተይዟል። እጄ ተይዟል። ስልኬ ከባንኮኒው ማዶ ነው።

ጢን!

እማ ስልኳን አየች። የኔ ፎቶ ነው። እኔን አየችኝ። አሁንም ስልኳን አየች። ከዚያ ተጫነችው።

«አሚን እማ! ኡህ ኡህ! አላህ ይጨምርልሽ!»

የኔ ድምፅ ነው። አፌ ግን እትዬ ከድጃ እጅ ውስጥ ነው።

የሚኒባስ ረዳቶቹ እንኳን «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ማለታቸውን ተዉ።

«ይሄ ማን ነው?» አለች እማ ቀስ ብላ።

እትዬ ከድጃ እጃቸውን አነሱልኝ። «እኔ ነኝ... ማለቴ ስልኩ ነው እማ። ቦት ይባላል።»

«ቦት ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ከድጃ።

«ሰው ሳይኖር በሰው ድምፅ የሚመልስ...»

«ጂን ነዋ!» አሉ። «ታዲያ ምን ተሳሳትን?»

ጋሽ ታደሰ ሳቃቸው ፈንድቶ ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር። ሁሉም ሳቀ። እናንተም አሁን ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

እማ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እና እኔ ያን ሁሉ ጠዋት ለማን ነበር የማወራው?» አለችኝ።

ያ ጀማዓ፣ ምን ብዬ ልመልስ? እናንተ ብትሆኑስ ምን ትላላችሁ? ኤአይን ይህን መልስልኝ ብለው ይመልስልኛል? ተነስቼ ስልኬን ከባንኮኒው ማዶ አመጣሁ።

«ክፈተው» አለች። «አሁን ስማው።»

ከፈትኩት። ብዙ ነው። ወደ ላይ ብስበው ብስበው አያልቅም።

ዱዓ ብቻ መስሎኝ ነበር። እማ ለካ ስታወራኝ ነበር የከረመችው! «ጥጃዋ ዛሬ በእግሯ ቆመች፣ ብታያት እንዴት ትስቅ ነበር» ትላለች። «የአባትህን ጃኬት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና አወጣሁት» ትላለች። አንዱ ላይ ደግሞ ምንም አትልም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። መጨረሻው ላይ «ሰማኸው? ዘነበልን» ትላለች።

እኔ ፖስት የማደርገው ሐሳብ ጠፍቶኝ ኤአይን ስለማመጥ ነው የከረምኩት። የሐሳብ ጎተራ ኪሴ ውስጥ ነበር!

ከዚያ አንዷ መጣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ኢልማ ኮ፣ ዛሬ ዱዓ አላደርግም። እንዲሁ ከፍቶኝ ነው።»

ከሥሯ የኔ መልስ አለ። ጋሽ ታደሰም ሰሙት፣ ዱበርቲዎቹም ሰሙት።

«አሚን እማ! ኡህ ኡህ! አላህ ይጨምርልሽ!»

ከፍቶኛል ብላኝ አላህ ይጨምርልሽ አልኳት! ለገዛ እናቴ!

የምገባበት ጠፋኝ። እጇን ይዤ ሳምኩ፣ ደጋግሜ ሳምኩ። «አፉ በይኝ እማ። አፉ በይኝ።» ለቅሶዬ መጣ፣ በሰው ፊት፣ በካሜራ ፊት። ይቅረጹ!

እሷም እንደ ወጉ የኔን እጅ ገልብጣ ሳመችው። ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ያን ቀን እኮ ደጋግሜ ሰማሁት» አለች። «ነገሩ ባይገጥምም፣ ድምፁ ያንተ ነው ብዬ።»

አሁንም ስጽፈው ዓይኔ እያስቸገረኝ ነው፣ ቆይ።

እሺ።

ጎን ለጎን ተቀመጥንና ከመጀመሪያው ጀመርን። አንድ ቮይስ እንከፍታለን፣ አዳምጣለሁ፣ በገዛ አፌ አሚን እላለሁ። ዱበርቲዎቹም አብረው አሚን ይላሉ። ጋሽ ታደሰ በረንዳው ላይ ሆነው አሜን ይላሉ። የባጃጅ ሾፌሮቹም ከዚያ ማዶ አሚን! ስክሪን ሊያስቀይር የመጣ ሁሉ ሳይመረቅ አልሄደም።

በመሃል እትዬ ከድጃን «ቆይ፣ ይሄን ያህል ከምትለፉ ለምን አልደወላችሁም?» አልኳቸው።

«ለታመመ ሰው ይደወላል እንዴ? ይኬዳል እንጂ!» አሉና በዓይናቸው ገረመሙኝ።

እማ ፌስታሏን ፈታች። ፌጦ ነው፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ተለውሶ።

«ኧረ እማ አላመመኝም! ሳሉ የውሸት ነው ስልሽ!»

«አፉ ብዬሃለሁ። ግን ከጨፋ ድረስ ተሸክሜ መጥቼ ልመልሰው? ዋጥ!»

ዋጥኩ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ አፍንጫዬ ተቃጠለ፣ ጆሮዬ ሳይቀር ተቃጠለ። ኡህ! ኡህ ኡህ ኡህ!

«ይኸው!» አሉ እትዬ ከድጃ ብድግ ብለው። «ሳሉ እውነት ነበር!» መዳፋቸው ተመልሶ ግንባሬ ላይ። ዱዓው እንደገና ተጀመረ።

ቦቱን አጥፍቼዋለሁ። ዱበርቲዎቹ ገበያ ሊያዩ ወጥተዋል። እማ ዛሬ እኔ ጋ ታድራለች፣ ነገ አብሬያት ሄጄ ጥጃዋን አያለሁ። እናንተ ጋስ ያልተከፈተ ቮይስ የለም? ግቡና እዩ። የኔን ፖስት በኋላ ታነቡታላችሁ።

አሁን ይህን ስጽፍላችሁ ከኋላዬ ቁጭ ብላለች። «ሰይዶ» አለችኝ።

«አሚን እማ!» አልኳት፣ ዓይኔን ከስልኩ ሳልነቅል።

«ኧረ ቆይ» አለች፣ «ገና ምንም አላልኩህም!»

ወይ ጉድ! ቦቱን አጠፋሁ ያልኳችሁ ለካ ከስልኬ ላይ ብቻ ነው?