በደረጃው ላይ የተነበበ ጭንቅላት

[የአንድ ምርምር ማዕከል ደረጃ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ዕቃ ተሸካሚው ሊቁና የሚስቱ ወንድም ፈዜ አንድ ትልቅ ሳጥን መሀላቸው አስቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ሳጥኑ ውስጥ የሰው አንጎል የሚያነብ መሣሪያ አለ ተብሏል፤ ከአምስት ደቂቃ ወዲህ ደግሞ ሲነቀንቁት የሚንኮሻኮሽ ነገርም አለ። ሊቁን «ሊቁ» ያሰኘው ትምህርት እንዳይመስላችሁ። ሬዲዮ ነው።]

ፈዜ፦ እኔ አልለቀቅኩም አልኩህ እኮ፣ ጋሼ!

ሊቁ፦ ለቀሃል! ከታች የያዝከው አንተ፣ ሳጥኑ የወደቀው ወደ ታች። ከዚህ በላይ ምን ሳይንስ ትፈልጋለህ?

ፈዜ፦ ወደ ላይ የሚወድቅ ሳጥን አለ እንዴ?

ሊቁ፦ አቤት! ዛሬ ደግሞ ክርክር ተማርክ። ስማኝ፣ አለቃችን አራተኛ ፎቅ ቆማ እየጠበቀችን ነው። «ዕቃ የጣለ ሰው ነገ እንዳይመጣ» ብላለች። ወንድ ሁንና እመን።

ፈዜ፦ አምኜ ሥራዬን ልጣ? ልጆቼን ምን ላብላቸው?

ሊቁ፦ ኧረ አትባረርም! ጥፋቱ ያንተ አይደለማ። ትናንት በሬዲዮ አንድ ምሁር ሲያስረዱ፣ ሰው እጁን ሊያንቀሳቅስ ሲል አንጎሉ ቀድሞ ወስኖ ይጨርሳል አሉ። ባለቤቱ ወሬውን የሚሰማው በኋላ ነው።

ፈዜ፦ እና አንጎሌ ሳያማክረኝ ነው ሳጥኑን የጣለው?

ሊቁ፦ አዎና!

ፈዜ፦ [ግንባሩን በመዳፉ እየመታ] ምን ያለ ባለጌ ነው! ይሄን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው!

ሊቁ፦ ስለዚህ «እኔ አይደለሁም፣ አንጎሌ ነው» ትላታለህ። አለቀ።

ፈዜ፦ «እንግዲያው አንጎልህ ነገ እንዳይመጣ» ብትለኝስ?

ሊቁ፦ እሱን እዚያ ስትደርስ ታስብበታለህ።

ፈዜ፦ ግድ የለም፣ ቤት ትቼው እመጣለሁ። እስከ ዛሬም ብዙ አልተጠቀምኩበትም።

ሊቁ፦ [በሆዱ «ይሄ ሰው አንድ ቀን ያደርቀኛል» እያለ] እሱስ እውነትህን ነው። በል ተነስ፣ እናንሳው።

ፈዜ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሳጥኑን የጣለው አንጎል ከሆነ፣ ማን እንደጣለው የሚያውቀውም አንጎል ነው። ይሄ መሣሪያ ደግሞ አንጎል ያነባል። ታዲያ ለምን አንጠይቀውም?

[ፈዜ ከሳጥኑ ጋር የታሰረውን ትንሽ ካርቶን ከፍቶ ረጅም ሽቦ ያለው ቆብ ያወጣል። ሊቁ ደስ ይለዋል፤ ይሄ ፈሪ ቆቡን ገና ሲያደርገው ያልሠራውን ሁሉ ያምናል ብሎ ነው።]

ሊቁ፦ ጎበዝ! በል አድርገው።

ፈዜ፦ [ቆቡን አጥልቆ] ሳጥኑን አልጣልኩም! [ጸጥታ] አየህ፣ ዝም አለ። ውሸት ቢሆን ይጮህ ነበር።

ሊቁ፦ ይጮሃል ያለህ ማነው?

ፈዜ፦ አንተ ነሃ! ጠዋት ስንጭነው «ውሸት ሲያገኝ ጢጢጢ ይላል» አላልክም?

[ብሏል። ሊቁ የማያውቀውን ነገር «አላውቅም» ብሎ አያውቅም።]

ፈዜ፦ ተራው የአንተ ነው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ሞቼ ነው! የሰው ሐሳብ ቤቱ ነው፤ ሳያንኳኩ አይገባም! ጭንቅላት ለማንበብ የተጻፈና የተፈረመ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፈዜ፦ የኔን ስታስነብብ ፈቃዱ የት ነበር?

ሊቁ፦ ያንተ ደግሞ ምን የሚነበብ አለውና!

[ፈዜ ቆቡን አውልቆ ሊቁ ራስ ላይ ይደፋበታል፤ የሽቦውን ጫፍ ይዞ ከሳጥኑ ጀርባ ያጎነብሳል።]

ፈዜ፦ ሰክቼዋለሁ። በል ጋሼ፣ ሳጥኑን ማን ጣለው?

ሊቁ፦ አን... አን... [ጆሮው ይግላል፤ ላቡ ይወርዳል] ፈዜ፣ ሞቀኝ! ማንበብ ጀመረ እንዴ?

ፈዜ፦ እኔ ምን አውቄ። አዋቂው አንተ።

ሊቁ፦ ወይኔ ጉዴ! እሺ፣ እሺ! ስልኬ ጠራ፤ በአንድ እጄ ልይዘው ብዬ ነው... ለቅጽበት ብቻ!

ፈዜ፦ ለቀቅከው?

ሊቁ፦ ለቀቅኩት! እፎይ... ኧረ አሁንም ይሞቃል! ባለፈው መስታወቱንም የሰበርኩት እኔ ነኝ! ቁም ሳጥኑንም! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አዋቂ ከላይ ነው የሚይዘው» ያልኩህ ከላይ ስለሚቀል ነው! እህትህንም «ወገቤን ያመኛል» እያልኩ ዕቃ የማላነሳላት... ወገቤ ደህና ነው! እንደ ብረት ነው!

[ከላይ ከደረጃው መከታ ላይ አንዲት ሴት ተደግፋ ትታያለች። ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት የወረደችው አለቃቸው ናት።]

አለቃ፦ ጎሽ! ፈዜ፣ ነገ በሰዓትህ ና። ሊቁ፣ አንተ ግን መባረር ካልፈለግህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከታች ነህ። እስከ ጡረታ!

ሊቁ፦ [ቆቡን እንደደፋ] አይቻልም እትዬ! ያለ ፈቃዴ ከጭንቅላቴ የተነበበ ነገር ማስረጃ አይሆንም! ይሄ በየትም አገር ነውር ነው!

ፈዜ፦ [የሽቦውን ጫፍ ከገዛ ኪሱ እየመዘዘ] ማን አነበበህ፣ ጋሼ? አንተው ነህ ጮክ ብለህ ያነበብክልን።