ጽጌ ያላረገዘችው ልጅ

ሰው አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ቤቱን ይተዋል፣ ዘመዱን ይተዋል፤ እንደ እኔ የታሪክ አስተማሪነቱንም ትቶ ፀጉር ሠሪ ይሆናል። ጎረቤት ግን አይተውም። እንዲያውም ጎረቤት ቀድሞት ሄዶ እዚያ ይጠብቀዋል ብል አላጋነንኩም። ካርቱም ስገባ፣ ይሄን በሚያህል ከተማ ውስጥ ማን ያውቀኛል ብዬ ነበር። ሳጃና በሚባለው ሰፈር ቤት በተከራየሁ በሳምንቱ ሪህ እንዳለብኝ፣ ከወንድሜ ጋር እንደተኳረፍንና ባሚያ እንደማልወድ የማያውቅ አበሻ አልተገኘም።

የሴት ልጅ የወር አበባስ? እሱማ በሴትየዋና በፈጣሪዋ መካከል ያለ ጉዳይ ነው ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ የምትሉት የቤተ ክርስቲያናችንን የኒም ዛፍ ስላላያችሁ ነው።

የምነግራችሁ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ ጭንቀታችን ይቺን ታህል በነበረበት ጊዜ ነው። እዚያ የዕረፍት ቀን ጁምዓ ስለሆነ አበሻው ቤተ ክርስቲያን የሚጎርፈው አርብ አርብ ነው። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት እንደ ሥርዓታችን ወደ ውስጥ አትገባም፤ ግቢው ውስጥ ቆማ ታስቀድሳለች። ጥሩ። ግን የካርቱም ፀሐይ አያስቆምም፤ በግቢው ውስጥ ያለው ጥላ ደግሞ የዚያ የኒም ዛፍ ጥላ ብቻ ነው። እናም ማን መጣባት፣ ማን ዘገየባት፣ ማን ጭራሹን ቀረባት የሚለው ሁሉ ከዛፉ ሥር ይታወቃል። ከሁሉም አብልጠው የሚያውቁት በሩ ላይ ጧፍ የሚሸጡት እትዬ ዘነበች ነበሩ። እሳቸው ካወቁ እስከ ከተማው ዳር እስከ ጀሪፍ ድረስ ታወቀ ማለት ነው።

ጓደኛዬ ጽጌ ሪያድ ሰፈር በአንድ ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ባሏ ተፈራ ፖርት ሱዳን ከባድ መኪና ይነዳል፤ የሚመጣው ፈቃድ ሲያገኝ፣ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ነው። የጽጌ የወር አበባ ሲመጣ እንደ ሰው አይመጣም፣ እንደ ጎርፍ ነው። ቢሮ ወንበሯ ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፋ ትቀመጣለች። ደረጃ ስትወጣ እያዞራት ግድግዳ ትይዛለች። ደሟ አልቆ ፊቷ ገርጥቶ ሳያት እጇን እየጎተትኩ አንዲት ሱዳናዊት የማህፀን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ መርምራ ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ ይግባልሽ አለቻት።

ጽጌ ደነገጠች። “ባሌ እኮ እዚህ የለም! ሉፕ ለምኔ ነው?”

ሐኪሟ ሳቀች። ይሄኛው እርግዝናን ከመከላከሉም ሌላ የወር አበባን መብዛት ይቀንሳል አለቻት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጠብ ጠብ እያለ ሊያሰለችሽ ይችላል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጨርሶ ቢቀርም አትደንግጪ፣ ኢንሻአላህ ትድኛለሽ ብላ አስገባችላት። ጽጌ ለተፈራ አልነገረችውም። ይሄ በስልክ አይነገርም፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ አለች። ለባሏ ሲመጣ እነግረዋለሁ የምትል ሴት ካያችሁ ራሳችሁ ደውላችሁ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፉላት።

ሐኪሟ ያለችው ሁሉ ሆነ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ መጣ። ብዙ አይደለም፣ ግን አያቋርጥም። አርብ ሲመጣ ጽጌ ከዛፉ ሥር ናት። በሚቀጥለውም አርብ እዚያው ናት። ሌሎቹ ሴቶች እየመጡ ይሄዳሉ፤ እሷ ብቻ እንደ ዘበኛ አትነቃነቅም። እትዬ ዘነበች ከንፈራቸውን እየመጠጡ፣ “ምን ነካሽ ልጄ፣ ጠበል ብትሞክሪ” ይሏታል።

ከዚያ ደግሞ ቆመ። ጨርሶ ቆመ። የጽጌ ጉንጭ ሞላ፤ ደረጃውን በሩጫ መውጣት ጀመረች። ከስንት ዓመት በኋላ ነጭ ጉርድ ገዝታ ለበሰች፤ እሱን ለብሳ ስትሽከረከር ሳይ ደስታዋ ለኔም ተረፈኝ። በየአርቡ ቀጥ ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ዛፉን ዞር ብላ እንኳን አታየውም።

ዛፉ ግን ያያታል። ባሏ ፖርት ሱዳን ነው። የወር አበባዋ ቀርቷል። ፊቷ ወዝቷል። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው አንዷን ደንበኛዬን ሹሩባ ስሠራት ነው። “ወላሂ አርግዛለች፣ ከማን እንደሆነ ግን አልታወቀም” አለችኝ። ጎተት አድርጌ ጎነጎንኳትና ሉፕ አስገብታ ነው አልኳት። “ባሏ አጠገቧ ሳይኖር ሉፕ?” ብላ ዓይኗን አፈጠጠች። እውነቱን ተናግሬ ነገሩን አባስኩት።

ለጽጌ ስነግራት አለቀሰች። ተፈራ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሩቅ ነው፤ ወሬው ቀድሟት ከደረሰ ትዳሯ ማክተሙ ነው። ዛሬውኑ ደውዪ አልኳት። ደወለች። አያነሳም። ደግማ ደጋግማ ደወለች፣ አያነሳም።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ሆኜ እሷን ሳጽናና ተፈራ ሻንጣውን ይዞ እዚያ ረክሻ ከሚሉት ባጃጅ ወረደ። ያላ፣ እኔ ልሂድ ብዬ ስነሳ ጽጌ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

“ማነው የደወለልህ?” አለችው።

“እትዬ ዘነበች።”

“ምን አሉህ?”

“ሚስትህ ናፍቃሃለች፣ ዛሬ ነገ ሳትል ና፤ ከመጣህም ቶሎ አትመለስ አሉኝ። አሞሻል እንዴ?”

ከጽጌ ጋር ተያየን። ለካ እትዬ ዘነበች የደወሉት ሊያሳብቁ አልነበረም! የወሩ ቁጥር እንዲገጥም ነው። ባልየው አሁን ከደረሰ ልጁ በሰባት ወሩ ተወለደ ይባላል፤ የኛ ሰፈር እንደሆነ በሰባት ወራቸው የተወለዱ ወፋፍራም ልጆች ሞልተውታል።

ጽጌ እዚያው እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው። ተፈራ አንገቱን ደፍቶ ሰማት፤ ስለ ደም ማውራት እንዳሳፈረው ከጆሮው መቅላት ያስታውቃል። “አሁን አያዞርሽም?” አላት። አያዞረኝም አለችው። “ኻላስ፣ አለቀ። ታዲያ ይሄን በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አለና ተቀምጦ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ያን ጊዜ እኔም ወጣሁ።

አርብ ዕለት ጽጌ ራሷ ለእትዬ ዘነበች ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት፤ ገባኝም አሏት። ተፈራ የቻለውን ያህል ሰንብቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወራት አለፉ፤ የጽጌ ሆድ እንደ ሜዳ ለጥ እንዳለ ነው።

አንድ ቅዳሜ እሷ ቤት ሻይ ስንጠጣ በር ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የጽጌን ጉልበት ይዘው እያለቀሱ፣ “አይዞሽ ልጄ፣ አንዳንዴ አይበረክትም፤ ገና ልጅ ነሽ፣ እግዜር ይተካልሻል” አሏት።

ሳቄ አንቆኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እኒህ ሴቶች ጽጌ ታማለች ቢባሉ አምነዋል፣ አርግዛለች ቢባሉ አምነዋል፣ ጨነገፈባት ብለውም ይኸው ያለቅሱላታል። ድናለች የሚለውን ብቻ ማመን አቃታቸው። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጽጌ በዓይኗ ከለከለችኝ። እንባቸው የእውነት ነበር።

“አሜን፣ እትዬ” አለችና ሻይ ልትቀዳላቸው ተነሳች።