ፈረንጁን የቀደመ ሾፌር

የሰው ጀርባ ማየት የማይወድ ሾፌር የሌለበት አገር የለም። ለደብረ ብርሃን የደረሳት ጓድ ረሺድ ነው። ከፊቱ መኪና ካየ ያመዋል፤ መኪና ከጠፋ ጋሪ፣ ጋሪ ከጠፋ የራሱን ጥላ ይቀድማል። "እኔ ሰው አልቀድምም፤ ሰው ነው ወደ ኋላ የሚቀረው" ይላል ደግሞ፣ ሲጠይቁት።

መሪጌታ ገብረአብ አንኮበር በሄዱ ቁጥር ከረሺድ ላንድሮቨር ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እሱ "ቢስሚላሂ!" ብሎ ሲነሳ እሳቸው ውዳሴ ማርያም ይጀምራሉ፤ ሳይጨርሱ ይደርሳሉ። እናታቸው እማማ ወለተሐና ደግሞ ከኋላ ሆነው ትከሻውን በከዘራ ይነካሉ።

"አንተ ረሺድ! ቀስ በል! ሞት እንደሆነ አይቀርብን፣ ምን አስቸኮለህ?"

"ነገ ቀስ እላለሁ እማማ፣ ኢንሻአላህ!"

ያ ነገ መጥቶ አያውቅም።

በድርቁ ዓመት እርዳታ እህል የሚያመላልስ ኦድቫር የሚባል ፈረንጅ ከኖርዌይ መጣ። ባገሩ ሥራው የመኪና እሽቅድምድም ነበር፤ መጀመሪያ ግማሹ ጭቃ ግማሹ አስፋልት በሆነ ሜዳ እየተጋፉ፣ ኋላም በአስፋልት ብቻ። ዋንጫ በዋንጫ ሆኖ እንደነበር በተሰባበረ አማርኛ ሲያወራ ረሺድ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"ለጭቃ ዋንጫ ይሰጣል እንዴ? ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገዳችን ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ገደል ነው! እስከ ዛሬ ማን ዋንጫ ሰጠኝ?"

ከዚያ ወዲያ ረሺድ እንቅልፍ አጣ። እስከ አንኮበር ሊሽቀዳደሙ ተቀጣጠሩ። ፈረንጁ ከቀጠሮው በማግስቱ አገሩ ስለሚገባ ሌላ ቀን አልነበረም። የኬላው ጠባቂ ሳይቀር ወሬውን ሰማ።

በእሽቅድምድሙ ቀን ጠዋት እማማ ወለተሐና ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። አስከሬናቸው አንኮበር፣ ደብራቸው ገብቶ መቀበር አለበት። መሪጌታ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ረሺድ ዘንድ መጡ። መለመኑ አሳፈራቸው፤ የሰውየው ፍጥነትም አስፈራቸው።

"ረሺድ፣ ዛሬ ያንተ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን..."

"የኔታ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የሚናገሩት? ለእኔስ እናቴ አይደሉም እንዴ?" አለና የኋላ ወንበሮቹን መፍታት ጀመረ።

ኦድቫር ከተማው መውጫ ላይ ሞተር አስነስቶ ይጠብቅ ነበር። ረሺድ ሬሳ ጭኖ ዝግ ብሎ ሲያልፍ አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ከኋላ ተከተለ።

ያን ቀን ረሺድን ያልቀደመ የለም። ጭነት መኪና ቀደመው፤ ጋሪ ቀደመው፤ ዳገቱ ላይማ ገብስ የጫነች አህያ አልፋው ዞር ብላ አየችው። ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው ይጠነቀቃል። ፈረንጁ ግን አልቀደመውም። ከጎን የተቀመጡት መሪጌታ ረሺድ በለሆሳስ ሲናገር ሰሙት።

"እማማ፣ ነገ ያልኩዎት ይኸው።"

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ። ያን ሰውዬ ስንት ዓመት በልባቸው ሲራገሙት እንደኖሩ አሰቡ።

በሳምንቱ ረሺድ ወደ ጥንቱ በረራው ተመለሰ፤ መሪጌታም ወደ ውዳሴያቸው። ሻይ ቤት ያገኘውን ሁሉ ይዞ፣ "ወላሂ፣ የኖርዌይን ሻምፒዮን ከኋላዬ አስከትዬ ነው አንኮበር የገባሁት!" ይላል። ሰው ይስቃል። ይሄኔ መሪጌታ ገብረአብ ብርጭቋቸውን ያስቀምጣሉ።

"ምን ያስቃል? እውነቱን ነው። እኔም እናቴም አብረነው ነበርን።"