የመምህር አየነው ጣት

ክቡር መምህር አየነው ጆሮ ጠቢ ናቸው ይባላል። ወሬው ከከዚራ ሰፈር ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር ሽጉጥ አስታጠቃቸው፤ ቀፊራ ገበያ ሲደርስ ደግሞ የመቶ አለቅነት ማዕረግ ሰጣቸው። እኔ መጠርጠር አመሌ ስለሆነ ወሬውንም መምህሩንም እኩል ጠረጠርኩ።

በየከተማው ጣቱን ሳይቀስር መናገር የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። የድሬዳዋው እሳቸው ናቸው። ማታ ማታ፣ በሞሐሙድ ሻይ ቤት ጓሮ፣ ፈረንሳይኛን ከባቡሩ ጋር የለመዱ የምድር ባቡር ሠራተኞችን እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ነፍሳቸው የምትወደው ትምህርት አንድ ነው፤ እንግሊዝ ነገር ማጉላት ሲፈልግ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ሰንጥቆ ባለቤቱን ፊት ለፊት ያቆመዋል።

«‹ሰማታር አረፈደ› ቢባል ማንም ቀና ብሎ አያይም» ይላሉ። «‹ኢት ኢዝ ሰማታር ሁ ኢዝ ሌት!› ያረፈደው ሰማታር ነው! ሲባል ግን ከተማው ይዞራል።» ይህን ሲሉ ጣታቸው የተማሪያቸው የሰማታር አፍንጫ ላይ ናት።

ችግሩ ምሳሌያቸው ነው። ከመጽሐፍ አይወስዱም፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ የሰሙትን፣ ተናጋሪውን እንኳ ሳያስጨርሱ፣ ያነሳሉ። አንድ ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ትናንት አሞኛል ብሎ ጫት ሲቅም የዋለው ዓዋሌ ነው!» አሉ፤ በእንግሊዝኛ ካሉት በኋላ በአማርኛ ደገሙት። ዓዋሌም ተማሪያቸው ነው፤ የባቡር አለቃው ከወዲያ ጠረጴዛ ሻዩን እየጠጣ ነበር።

በማግስቱ ዓዋሌ ቢሮ ተጠራ። ወሬውም የተወለደው ያን ቀን ነው። ተማሪው አንድ በአንድ ቀረና ጓሮው ኦና ሆነ። ሞሐሙድ፣ «መምህሩ ሻንጣ እያሰሩ ነው፣ ሊሄዱ ነው» አለኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን ማንም የማይጠቆምበት ሻይ ቤት ውስጥ ሻዩ ራሱ ውሃ ውሃ አለኝ። ስለዚህ ሄጄ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማታርም አጥር ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና ገባ፤ ዓዋሌም እያጉረመረመ ተከተለው።

ድሬ አንቱታ አታውቅም። ሰማታር ፊት ለፊት ጠየቃቸው።

«አቦ መምህር፣ ቁርጡን ንገረን። ጆሮ ጠቢ ነህ እንዴ?»

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን አጠፉ።

«ሽጉጥ የለኝም። ማዕረግ የለኝም። ጆሮ ጠቢ አይደለሁም። ጆሮ ጠቢ ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ይሰማል፤ እኔ ከእናንተ የማንን ወሬ አስጨርሼ አውቃለሁ?»