ጓድ ፓርኬ

ቤቱን ያሳመረ ሰው እንግዳ አይወድም። አፉ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል፤ ገብታችሁ ስትረግጡ ግን ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት የጅማ ሰፈር የለም፤ ለጊንጆ ሰፈር የደረሰው ግን የሁሉም አውራ፣ ልብስ ሰፊው ቲጃኒ ነበር። ሁሉ ሰው ጓድ በሚባልበት በዚያ ዘመን ሰፈሩም ማዕረግ አልነፈገውም፤ «ጓድ ፓርኬ» አለው። የማዕረጉን ፍዳ ከማንም በላይ የቀመሰችው ልጁ ለጢፋ ናት።

ፓርኬው በእርግጥ ጉድ ነበር! ከሥር ኮምፔንሳቶ፣ ከላዩ የተጣበቀ ስስ ዋንዛና ጥቁር እንጨት፣ እንደ ሽሩባ እየተጠላለፈ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። አናጢው «ዳር ዳሩን ጣት የምታህል ክፍተት እንተውለት፤ ክረምት ሲመጣ እንጨት ያብጣል» ቢለው ቲጃኒ ተቆጣ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ! አፉን የከፈተ ሥራ እኔ ቤት አይታይም!»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ሰው ሲራመድ «ሱታ! ሱታ! ቀስ በሉ!» ይላል፤ ድመቷ ስታልፍም ይላል። ጎረቤታቸው ብርሃንነሽ ፍም ልትወስድ ብትመጣ በመስኮት ተቀብላ ሄደች። ሰፈሩ ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ ሽጉጡን እንደታጠቀ ቦት ጫማውን አውልቆ ገባ፤ አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብላ ፓርኬውን ጎበኘች። ለጢፋ ሳቋን ልታፍን ወደ ጓዳ ሮጠች።

ክረምቱ ገባ። ለጢፋን የሚወዳት ሙሐመድሳኒ ሽማግሌ የሚልክበት ቀንም ደረሰ። ለጢፋ ከእሱ ሌላ ባል በሕልሟም አይታ አታውቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ሽማግሌዎቹ በአባቦራ መሪነት በዶፍ ዝናብ መጥተው «አሰላሙ ዐለይኩም!» አሉ። ቲጃኒ «ወዐለይኩሙ ሰላም!» ብሎ በሩን ወደ ውስጥ ሳበ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ፓርኬው አብጦ፣ መሄጃ ቢያጣ ወደ ላይ ተነፍቶ፣ ከሥር ቀርቅሮታል።

«ቲጃኒ፣ ምነው? በር ተዘጋብን እንዴ?» አሉ አባቦራ ከውጭ።

ለጢፋ ክው አለች። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ሳይገባ ከተመለሰ ልጅቷን አንሰጥም ማለት ነው። በጓሮ በር ማስገባትማ ስድብ ነው።

«አባዬ!» አለች።

ቲጃኒ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ወለሉን አየ። ከዚያ መጥረቢያ አነሣና «ቢስሚላህ!» ብሎ በሩ ሥር ፓርኬውን ይፈልጠው ጀመር። ዋንዛው እየተፈናጠረ ግድግዳ መታ፤ በሩም ብርግድ አለ። ሽማግሌዎቹ ጫማ ሊያወልቁ ቢያጎነብሱ «ተዉት! ከነጭቃችሁ ግቡ! ዛሬ የደስታ ቀን ነው!» እያለ እየጎተተ አስገባቸው። ለጢፋ ጓዳ ውስጥ እንባዋን መግታት አቃታት።

እሷ ከተዳረች ቆይታለች። ጓድ ፓርኬ አሁንም እንግዳ ያስጨንቃል፤ በሩ ሥር ያለውን ጉድጓድ ግን አናጢ እንዲደፍነው አይፈቅድም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።

«ልጄን የዳርኩት በዚህ በኩል ነው» ይላል።