ጉልበት ስለማይታጠፍበት መመሪያ

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ራዕይ አላቸው፤ ተልዕኮ አላቸው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእሴት ዝርዝርም አላቸው። የአቋቋም መመሪያ ያለው ግን ይህ ታሪኩን የምንተርክለት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። መመሪያው አሥራ አንድ ገጽ ሲሆን፣ አንድ ሰው የጎልፍ ዱላ ይዞ ኳስ ፊት ሲቆም ጉልበቱን ምን ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ የሚሰጠው የቦታ ካርታ ነው። ጎልፍንና ካርታን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፣ ሁለቱም መሬት ላይ መሆናቸውን የዘነጋ ሰው ነው።

መመሪያውን የጻፈው የመዝገብ ቤቱ ተጠባባቂ ኃላፊ ነው። በተጠባባቂነት ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ስለቆየ ሰው ሁሉ «ተጠባባቂው» ይለዋል፤ ሚስቱም ጭምር። የቋሚ ሹመቱ ደብዳቤ ተተይቦ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ተጠባባቂው በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ትንፋሹን እንኳ ዝቅ አድርጎ ነው የሚተነፍሰው።

ነገሩ የመጣው ዋና ሥራ አስኪያጁ ጎልፍ የጀመሩ ጊዜ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ሣር አስለበሱ፤ አሠልጣኝም አስቀጠሩ። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን እግራቸውን በትከሻቸው ስፋት ልክ እንዲከፍቱ፣ ክብደታቸውንም መሐል እግራቸው ላይ እንዲያሳርፉ ነገራቸው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙት። ጉድ ያመጣው ቀጥሎ የተናገረው ነው።

«ጌታዬ፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉት። ደርቆ ከቆመ ወገብዎን ይጎዳዎታል።»

«እኔ» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ «በዕድሜዬ ለማንም ጉልበቴን አጥፌ አላውቅም። ለኳስ ነው የማጥፈው?»

በዙሪያቸው የነበሩት የመምሪያ ኃላፊዎች ከወገባቸው ጎንበስ፣ ከጉልበታቸው ሸብረክ ብለው አጨበጨቡ። ትክክለኛውን አቋቋም ማየት የፈለገ ሰው በዚያን ሰዓት ኃላፊዎቹን ቢመለከት ይበቃው ነበር። አሠልጣኙ በሳምንቱ «ከተቋሙ እሴት ጋር ባለመጣጣም» ተሰናበተ።

አሠልጣኝ ሲሄድ ኮሚቴ ይመጣል። የአቋቋም መመሪያ እንዲያረቅ የተቋቋመው ኮሚቴ ጸሐፊነት ለተጠባባቂው ተሰጠ፤ በወጣትነቱ አራት ዓመት የጎልፍ ሜዳ ሣር ያጭድ እንደነበር የግል ማኅደሩ ላይ ተጽፏልና። እውነትም አራት ዓመት ሙሉ የተጫዋች ጉልበት ሲያይ ኖሯል። ደንቡን ያውቀዋል፦ ጉልበት ላላ፣ ዳሌ ወደ ኋላ፣ ጀርባ ቀና። ደርቆ የቆመ ሰው ወይ ኳሱን ይስታል፣ ወይ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ይህን እያወቀ ተቃራኒውን ሊጽፍ ቢነሳ አፈረ፤ እጁም እንቢ አለው። ምሳ ሰዓት ቤቱ ሄዶ ሚስቱን አማከራት።

«ጉልበቱ የማን ነው?» አለችው።

«የእሳቸው።»

«ወገቡስ?»

«የእሳቸው።»

«ፊርማውስ?»

«እሱም የእሳቸው ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ? የሰው አቋቋም አቃናለሁ ብለህ የኛን ኑሮ ልታጎብጥ ነው?»

ተመልሶ አንቀጽ አራትን ጻፈ፦ «ማንኛውም ሠራተኛ ዱላ በያዘ ጊዜ ጉልበቱ በማናቸውም ሁኔታ አይታጠፍም። ታጥፎ የተገኘ እንደሆነ እንደ እጥፋቱ መጠን በጽሑፍ ይገሠጻል።»

ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ሣሩ ላይ እንደ ችካል ተተክሎ ይቆም ጀመር። ኳስ አልነበረም፤ ኳስ መምታት ምዕራፍ ሁለት ስለሆነ ገና አልጸደቀም። ባለጉዳይ መጥቶ ሠራተኛው የት እንደሄደ ሲጠይቅ፣ ጥበቃው «አቋቋም ላይ ናቸው» ይለዋል። ባለጉዳዩም መስኮቱ ሥር ቆሞ ይጠብቃል፤ የእሱን ጉልበት በተመለከተ መመሪያው ያለው ነገር የለም። በግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ዕቅዱ ዘጠና ስምንት ከመቶ ተሳካ። ሁለት ከመቶው የጎደለው በሰው ኃይል ኃላፊዋ ሪህ ምክንያት ነው።

ከእህት መሥሪያ ቤት ጋር ውድድር የተደረገ ዕለት ቀዳሚው ተጫዋች ዋና ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። ሁለቱንም ጉልበቶቻቸውን ግትር አድርገው ቆሙ፤ ዱላውን እስከ ማጅራታቸው አነሡና ሰነዘሩ። ኳሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የተነቃነቀው ወገባቸው ነው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ አንድ የመምሪያ ኃላፊ አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ ዱላው ያስነሣው ነፋስ ግን ጥሩ እንደነበር ይነግራቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተጠባባቂው ቤታቸው ተጠራ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በሐኪም ትእዛዝ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ ተደርጎላቸዋል። ደረታቸው ላይ መመሪያው ተዘርግቷል፤ አጠገባቸው ያ የሹመት ደብዳቤ አለ። ተጠባባቂው ደብዳቤውን ሲያይ ኮቱን ቆለፈ።

«አራት ዓመት ሣር ስታጭድ፣ እንዲህ የሚቆም ሰው አይተሃል?»

«አላየሁም» አለ። በስድስት ዓመት ከመንፈቅ ለአለቃው የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ይቆጡኛል ብዬ ነው ጌታዬ።»

«ይኸው አሁንስ አልተቆጣሁም?»

ቀጥለውም በአስመሳይ ተከበው እንደኖሩ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እውነቱን የነገራቸው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ በእንባ ተናገሩ። አስፈልገው ያስመጡትንና ሳሎን ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረውን ያን የተሰናበተ አሠልጣኝ አስጠሩት። ደብዳቤው ላይ የተጠባባቂውን ስም ሰርዘው የአሠልጣኙን ጻፉ፤ ፈረሙና ሰጡት። አንድ ፋይል ከፍቶ የማያውቀው ሰው በእውነተኛነቱ የመዝገብ ቤት ቋሚ ኃላፊ ሆነ።

ተጠባባቂው ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ለካ እውነት ያሾማል ብሎ ተጸጸተ፤ ከዚህች ደቂቃ ወዲያ ለማንም ላይዋሽ በልቡ ማለ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ትራሱ ላይ ተመቻቹና ወደ አዲሱ ኃላፊ ዞሩ። «እስቲ አንተ እውነቱን ንገረኝ። አሁን ያለሁበት አቋቋም እንዴት ነው?»

አሠልጣኙ ደብዳቤውን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ጌታዬ፣ ከዚህ የተሻለ አቋቋም በሕይወቴ አላየሁም።»

ተጠባባቂው እንባውን ጠርጎ ብዕሩን አወጣ።

«ለአንቀጽ አራት ማሻሻያ» አለ፣ «ትራሱን አንድ ልበለው ወይስ ሁለት?»