ወንበር ላይ የተቀመጠው ስልክ

ቆይ፣ ልሳቅና ልንገራችሁ። ለስልክ ክብር ብድግ ያለ ጉባኤ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ እንዲያውም ከተነሡት አንዷ ነኝ። ዋናው የሚያስቀው ግን እሱ አይደለም፤ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለ ምክትልነት እናውጋ። ቴሌቪዥን ላይ አይታችሁ እንደሆነ ከአንዱ አገር ፕሬዚዳንት ኋላ እጁን አጣምሮ የሚቆም ሰው አለ። ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ሥራው ምንድን ነው ብዬ የተማረውን የእህቴን ልጅ ብጠይቀው፣ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈለት ዋና ሥራ ትልቁ ሰውዬ ሲሞት ወይም ሲታጣ መተካት ነው አለኝ። ካልሞተስ? ይቆማላ። እኔን ያሳሰበኝ የጧት ሰላምታው ነው። «እንዴት አደሩ ጌታዬ?» ሲል ከልቡ ይሁን ሥራ ፍለጋ በምን ይታወቃል? የመኪና ስኮርታ እንኳ ይሻላል፤ ጎማ አንድ ቀን መተንፈሱ አይቀርም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ምክትል ግን ሲሾምም አይበላ፣ ቢሻርም የሚያውቅለት የለ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። እኔ ዘነቡ፣ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት፣ ኦስትሃፈን መጋዘን ውስጥ ካርቶን የማሽገው፣ ፍራንክፈርት ያለው የመረዳጃ ማኅበራችን ምክትል ሊቀመንበር ነበርኩ። አንድ ሴት ትግባ ተብሎ ነው የተመረጥኩት፤ ድምፄ ያለ ማይክራፎን መሰማቱም ሳይረዳኝ አልቀረም። ሊቀመንበራችን ጋሼ ተክሉ ናቸው፤ በተማሪነት መጥተው፣ መሐንዲስ ሆነው፣ እዚሁ ጡረታ የወጡ። ዛትሱንጉን፣ መተዳደሪያ ደንባችንን ማለቴ ነው፣ የጻፉት እሳቸው ናቸው። «ሊቀመንበሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶ ይሠራል» ይላል። ችግሩ ጋሼ ተክሉ የማይኖሩበት ጊዜ የለም። በጉንፋን ይመጣሉ፤ በበረዶ ይመጣሉ፤ እግራቸው ተሰብሮ በክራንች መጥተዋል። ቃላቸው «አለሁ» ነው። በአራት ዓመት ውስጥ የሠራሁት ሥራ ቢኖር አጠገባቸው መቀመጥ ነው።

ሌላም ደንብ አላቸው፦ ያልፈረመ አልመጣም። ሰው ብቅ ብሎ እየጠፋ ሲያስቸግር ያወጡት ነው። አንድ ቀን የገዛ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ስብሰባውን ከዳር እስከ ዳር ተቀምጠው ሳይፈርሙ ቢሄዱ «ቀሪ» ብለው መዘገቧቸው። የዚያን ቀን እራት ምን እንደበሉ እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ በአንድ ጥር ማብቂያ ላይ ሐኪም ለልባቸው ብሎ ሦስት ሳምንት ኩር አዘዘላቸው። ኩር ማለት ጀርመኖች ሰውን በግድ የሚያሳርፉበት ጠበል በሉት። ሄዱ። እኔም በሆዴ እልል አልኩ።

እሑድ ለስብሰባ ተሰብስበን ሳለ ወይዘሮ አሰለፈች ታጣፊ ሞባይል ይዘው ገቡ። ድምፁን ከፍ አደረጉና የሊቀመንበሩ ወንበር ላይ አስቀመጡት። «አለሁ» አለ ስልኩ። ይኸኔ ነው ጉባኤው «ኖር!» ብሎ ብድግ ያለው። ስልኩም «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አለን። ተቀመጥን።

ጉዳዩ የሰናይት ሠርግ ነበር። ሰናይት አውሮፕላን ማረፊያ የምታጸዳ፣ እዚህ አገር ዘመድ የሌላት ልጅ ናት፤ የሚድራት ማኅበሩ ነው። ፌኸንሃይም ያለውን አዳራሽ የሚያከራየው ጀርመን፣ ሌላ ፈላጊ ስለመጣበት፣ የማኅበሩ ኃላፊ እስከ ነገ ጧት መጥቶ በእጁ ካልፈረመ ለዚያኛው እሰጣለሁ ብሏል። ቀኑ ደግሞ ከሁዳዴ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ እሑድ ናት። እሷ ካለፈች እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። እኛ እስከ ፋሲካ እንቆያለን፤ የሰናይት ሆድ ግን አይቆይም። ካፖርቷን ቤት ውስጥ እንኳ አታወልቅም ነበር፤ ሁላችንም አውቀን አላወቅንም።

ዘነቡ ትፈርም ያለ ተገኘ። ስልኩ «እኔ እያለሁ?» አለ። ሰውዬውን ቀኑን እንዲያራዝምልን ለምኑት፣ ስመለስ እፈርማለሁ አለ። እኩሌታው ሰው፣ ድምፃቸውን እየሰማን የሉም ማለት ነውር ነው ይላል። እኩሌታው፣ ድምፅ እስክሪብቶ አይጨብጥም ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተነታረክን። ሰናይት ጥግ ላይ ቆማ የካፖርቷን ቁልፍ ታፍተለትላለች። እሷን ሳያት ሳቄ ጠፋ።

ተነሣሁና መገኘታችንን የምንፈርምበትን ወረቀት ስልኩ ፊት ዘረጋሁት። እስክሪብቶም አጠገቡ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ መገኘትዎን ይፈርሙልን» አልኩ።

ወይዘሮ አሰለፈች፣ ለዓመታት ሲያላምጡት የኖሩትን ነገር እንደሚተፉ ሁሉ፣ ቀስ ብለው «ያልፈረመ አልመጣም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ከስልኩ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ «ቀሪ ብለሽ መዝግቢኝ» አለና ተዘጋ።

በማግሥቱ ፈረምኩ። ዘነቡ የምትለው ስሜ መስመሩን አልፋ ወደ ጀርመኑ ስም ተሻገረች፤ ሰውዬው ግን ጨዋ ነው፣ ቆሞ ጠበቀኝ።

ለሠርጉ ጋሼ ተክሉ ደረሱ፤ ጉንጫቸው ሞልቷል። እንዳይቀየሙኝ ፈርቼ ስሸሻቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስልካቸውን ዘግተው እንደ ሕፃን ሲተኙ ከረሙ ብለው ወይዘሮ አሰለፈች በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ጋሼ ዱለታቸውን ገና አንድ ጉርሻ እንደጎረሱ፣ የአዳራሹ ሃውስማይስተር፣ ጠባቂው ማለቴ ነው፣ መኪኖቻችሁ በሩን ዘጉት እያለ እየጮኸ ገባ፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር የታለ ይላል። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጋሼ ተክሉ ሳህናቸውን እንደያዙ ከሙሽሮቹ ኬክ ጀርባ ዝቅ አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«ዘነቡ፣ የለም በዪው።»